እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም፤ ታዲያ በምን ትጠጣለች?

ውሃ የጠማውን ጉርጥ በቅርብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስር ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ይወጣል። እርጥብ መሬት ሲያገኝ ይቆማል። ጎንበስ ብሎ አይጠጣም፤ ምላሱንም አያወጣም። በቃ ይቀመጣል። የኋላ እግሮቹን ወደ ጎን ከፈት ያደርግና ሆዱን መሬቱ ላይ ይለጥፋል። አንዳንዴ ቆዳው ከእርጥበቱ ጋር በደንብ እንዲገናኝ ግራና ቀኝ ወዝወዝ ይላል። ከዚያ ዝም። ላየው ሰው ያረፈ ይመስላል። ግን እየጠጣ ነው።

ሰሞኑን እንቁራሪቶች ከዓለም እየጠፉ ነው የሚል ወሬ ደጋግሞ ይሰማል። ምክንያቱ ሲነገር ደግሞ ‹‹ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ነው›› ተብሎ ይታለፋል። አባባሉ ስህተት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይደብቃል። የእንቁራሪት ቆዳ ያገኘውን ሁሉ የሚመጥ ስፖንጅ አይደለም። የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ትእዛዝ የሚቀበል በር ነው። እሱን ከተረዳን እንዴት እንደሚታመሙም ይገባናል።

እነማንን ነው የምናወራው?

እንቁራሪት፣ ጉርጥ፣ እንሽላሊት የሚመስለው ሳላማንደር፣ እንዲሁም ትል የሚመስሉት እግር የሌላቸው ሲሲሊያኖች አንድ ላይ አምፊቢያን ይባላሉ። በትምህርት ቤት መጻሕፍት እንቁራሪት አስተኔ ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። እዚህ ላይ በብዛት የማወራው ስለ እንቁራሪትና ጉርጥ ነው፤ ምክንያቱም በደንብ የተጠኑት እነሱ ናቸው።

በቆዳቸው እንደሚጠጡ ከታወቀ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ሮበርት ታውንሰን በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. እንቁራሪቶችን ቤቱ እያኖረ ይከታተላቸው ነበር። እርጥብ ነገር ላይ ሲቀመጡ ክብደታቸው እንደሚጨምር ያየው ያኔ ነው። አፋቸው ሳይንቀሳቀስ ማለት ነው። እንዴት የሚለው መልስ እስኪገኝ ግን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ውሃው በምን ኃይል ነው የሚገባው?

የሚገፋው የለም፤ የሚስበውም ፓምፕ የለም። ነገሩ ኦስሞሲስ ይባላል፣ ከስሙ ይልቅ ሥራው ይቀላል።

በግድግዳ የተከፈሉ ሁለት ክፍሎች አስቡ። ግድግዳው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ውሃ ያሳልፋሉ፣ ጨው ግን አያሳልፉም። በአንደኛው ክፍል ንጹህ ውሃ አለ፣ በሌላኛው ጨው ያለበት። የውሃ ቅንጣቶች በሁለቱም አቅጣጫ ያለ እረፍት ይመላለሳሉ። ነገር ግን በጨዋማው በኩል ቦታውን በከፊል ጨው ይዞታል፤ ስለዚህ ከዚያ ወደ ቀዳዳው የሚደርሰው ውሃ ያንሳል። ከንጹሁ በኩል የሚሻገረው ይበልጣል። ሂሳቡ ሲሠራ ውሃው ወደ ጨዋማው ክፍል እየበዛ ይሄዳል። ኦስሞሲስ ይሄው ነው።

የእንቁራሪቷ ደም ጨው አለው። የባህርን ውሃ ያህል አይደለም፤ አራተኛው ገደማ ነው። የኩሬና የዝናብ ውሃ ግን ከሞላ ጎደል ጨው የለውም። በመካከል ያለው ግድግዳ ቆዳዋ ነው። ስለዚህ ንጹህ ውሃ ሲነካት ውሃው ራሱ ወደ ውስጥ ይመጣል።

ይሄን ልብ በሉልኝ፦ ውሃን የሚጠራው ጨው ነው። እንቁራሪት ውሃን በቀጥታ መሳብ አትችልም። የምትችለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ውስጧ ያለውን ጨው መጠበቅ፣ ሌላው የቀዳዳዎቹን ቁጥር ማብዛትና ማሳነስ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ አይወጣም።

እንዲያ ከሆነ ኩሬ ውስጥ የምትውለው ለምን አብጣ አትፈነዳም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኩሬ ውስጥ የምትኖር እንቁራሪት ችግሯ ጥም አይደለም፣ ጎርፍ ነው። ውሃው ቀንና ሌሊት ይገባል፤ ‹‹ይብቃኝ›› ብትልም አይተዋትም። ኩላሊቶቿ ይሄን ሲያስወጡ ይውላሉ፣ ያድራሉ። ሽንቷ ብዙና በጣም ቀጭን ነው፣ ውሃ ማለት ይቻላል።

ግን ሽንቱ የቱንም ያህል ቢቀጥን ትንሽ ጨው ይዞ መውጣቱ አይቀርም። ጠብ ጠብ እያለም ቢሆን ያልቃል። ጨው ካለቀ ደግሞ ነርቭም፣ ጡንቻም፣ ልብም መሥራት ያቆማሉ። እዚህ ላይ ነው ቆዳዋ የሚገርም ሥራ የሚሠራው። ጨው የለውም ከምንለው የኩሬ ውሃ ውስጥ እንኳ ያለችውን ጥቂት ሶዲየም ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሶዲየም የገበታ ጨው ግማሽ አካል ነው። ከውጭ ጥቂት፣ ከውስጥ ብዙ ስለሆነ ይሄ ሽቅብ መሸከም ነው፤ ጉልበት ይጠይቃል። የቆዳ ሴሎቿ ጉልበት እያወጡ ሶዲየሙን ወደ ደም የሚገፉ ፓምፖች አሏቸው።

ይሄን በማያሻማ መንገድ ያሳየው ዴንማርካዊው ሃንስ ኡሲንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ። የእንቁራሪት ቆዳ ቁራጭ ወስዶ በሁለት ፈሳሽ መካከል እንደ መጋረጃ ወጠረው። በሁለቱም በኩል ያለው ፈሳሽ አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ጨው ወደ አንድ ጎን የሚሄድበት ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ሶዲየሙ ከውጭኛው ገጽ ወደ ውስጠኛው ይሻገር ነበር። ኡሲንግ የሚሻገረውን በኤሌክትሪክ መጠን ለካው፤ ኤሌክትሪኩና ሶዲየሙ ገጠሙ። ከእንስሳዋ የተለየ ቆዳ ለብቻው ሥራውን ቀጥሎ ነበር ማለት ነው። ያ መሣሪያ ዛሬም በስሙ ይጠራል፤ የሰው አንጀትና ሳንባ ጨውና ውሃ እንዴት እንደሚያሳልፉ የሚጠናውም በእሱ ነው።

የትኛው የቆዳዋ ክፍል ነው የሚጠጣው?

ሁሉም እኩል አይጠጣም። የጉርጥን ጀርባ ብታዩ ወፍራምና ሻካራ ነው፣ ውሃ ብዙም አያሳልፍም። ገልብጣችሁ ብታዩት ግን ከሆዱ ግርጌ እስከ ጭኖቹ መጋጠሚያ ድረስ ቆዳው ይለያል። ስስ ነው፤ ከስሩ የደም ስሮች እንደ መረብ ተጠላልፈዋል። ሲቀመጥ መሬት የሚነካው ይሄ ቦታ ስለሆነ ተመራማሪዎች የመቀመጫ ቆዳ ይሉታል። ከመላ ቆዳው ጋር ሲነፃፀር ትንሽ ቦታ ነው። ጉርጥ ሲጠማ ግን ከሚያስገባው ውሃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው።

ቅድም የነገርኳችሁ አቀማመጥ ምስጢሩ ይሄ ነው። እግሩን የሚከፍተው ያን ቦታ ከእርጥቡ መሬት ጋር ለማገናኘት ነው። ኩሬ አያስፈልገውም። ጤዛ ይበቃዋል፣ እርጥብ አፈርም ይበቃዋል።

ደሙም ያግዘዋል። የተጠማ ጉርጥ መቀመጫው እርጥበት ሲነካው ወደዚያ የሚሄደው የደም ፍሰት ይጨምራል። ለምን? የገባው ውሃ እዚያው ቢጠራቀም በቦታው ያለውን ደም ያቀጥነዋል፣ ቅድም ያልነው የጨው ልዩነት ይጠባል፣ መግባቱም ይቀዘቅዛል። ደሙ ፈጥኖ ካለፈ ግን የገባውን ይዞ ይሄድና በቦታው አዲስ ጨዋማ ደም ይተካል። የጨው ልዩነቱ እንደሰፋ ይቆያል።

በሩን ማነው የሚከፍተው?

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

የሴል ግድግዳ፣ ማለትም ሴሉን ዙሪያውን የሚከበው ስስ ሽፋን፣ በአብዛኛው ከቅባት የተሠራ ነው። ቅባትና ውሃ ደግሞ አይስማሙም። ውሃ በዚህ ውስጥ ሰርጎ ሊያልፍ ይችላል፣ ግን በዝግታ። በፍጥነት እንዲያልፍ የራሱ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ሳይንቲስቶች ቀዳዳው መኖር አለበት እያሉ ለረጅም ዓመታት ሲከራከሩ ቆዩ። ያገኙት አሜሪካዊው ፒተር አግሬና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ለዚህም አግሬ በ2003 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ቀዳዳው አኳፖሪን የሚባል ፕሮቲን ነው። ከአንዱ አኳፖሪን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የውሃ ቅንጣቶች በሰልፍ ያልፋሉ። ጨው ግን አያልፍም።

ማረጋገጫው የተገኘበት ሙከራ ደግሞ በእንቁራሪት እንቁላል መሆኑ ደስ ይለኛል። የእንቁራሪት እንቁላል ውሃ ውስጥ ስለሚጣል ግድግዳው ውሃ እንዳያስገባ የተሠራ ነው። እነ አግሬ ያን ፕሮቲን የሚያሠራውን መልእክት እንቁላሎቹ ውስጥ ከተቱና ጨው የቀነሰ ውሃ ውስጥ አስገቧቸው። ምንም ያልተደረገላቸው እንቁላሎች እንዳሉ ቆዩ። መልእክቱ የገባላቸው ግን ማበጥ ጀመሩ፣ በደቂቃዎች ውስጥም ፈነዱ። ፕሮቲኑ በር መሆኑ በዓይን ታየ።

ወደ ጉርጡ መቀመጫ እንመለስ። የቆዳው ሴሎች ወደ ደም በሚያየው ጎናቸው አኳፖሪን ሁልጊዜ አለ፤ የጓሮው በር ክፍት ነው። ወደ ውጭ በሚያየው ጎን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ የሚተከሉት አኳፖሪኖች ሴሉ ውስጥ በትናንሽ ከረጢቶች ተጠቅልለው ይጠብቃሉ። እንስሳው ውሃ ሲያጥረው ደሙ ይወፍራል። አንጎል ይሄን ይሰማል። ከአንጎል ስር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል እጢ ቫሶቶሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። ሆርሞን ማለት በደም የሚላክ መልእክት ነው። መልእክቱ የመቀመጫው ሴሎች ዘንድ ሲደርስ ከረጢቶቹ ወደ ውጭኛው ግድግዳ ይወጣሉ፣ ከግድግዳው ጋር ይዋሃዳሉ፣ አኳፖሪኖቹም እዚያው ይተከላሉ። የፊት በሩ ተከፈተ። ውሃው ከመሬት ወደ ሴሉ፣ ከሴሉ ወደ ደም ያልፋል።

ጥሙ ሲረካ ሆርሞኑ ይቀንሳል። በሮቹ ተነቅለው ወደ ውስጥ ይመለሳሉ። ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣሉ።

ሆርሞኑ በዚያው ጊዜ ሌላ ቦታም ይሠራል። ኩላሊት የሚያጣራውን ያሳንሳል፣ ሽንት ይቀንሳል። በአንድ ትእዛዝ መግቢያው ይከፈታል፣ መውጫው ይጠባል። ይሄ ትእዛዝ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሰው ደም ውስጥ ያለው ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን ከቫሶቶሲን የሚለየው ከተሠሩባቸው ዘጠኝ ቅንጣቶች (አሚኖ አሲዶች) በአንዱ ብቻ ነው። እኛ ውሃ ሲያጥረን ሽንታችን የሚጠቁረው እሱ በኩላሊታችን ውስጥ ተመሳሳይ በሮችን ስለሚያስተክል ነው። ለእኛ ውሃ የሚመልስልን ከሽንት ነው፤ ለጉርጥ ደግሞ ከመሬትም ይቀዳለታል።

ሁሉም እንቁራሪቶች ግን ይሄን እኩል አይጠቀሙበትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ቆዳቸው ለሆርሞኑ የሚሰጠው መልስ ደካማ ነው። ምን ሊያደርግላቸው? የየብስ ጉርጦችና ዛፍ ላይ የሚኖሩት ናቸው በሩን በደንብ የሚያዙበት።

መሬቱ ላይ ያለው ውሃ ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃል?

በቆዳው ይቀምሰዋል። ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ጉርጥ እርጥብ ቦታ ሲያገኝ ወዲያው አይዘረጋም። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ በመቀመጫው ነካ ያደርገዋል። ውሃው ጨው የበዛበት ከሆነ ብድግ ይላል፣ ቢጠማውም ትቶት ይሄዳል። የሆድ ቆዳው ውስጥ ያሉት ነርቮች ጨውን ይለያሉ፤ ልክ የእኛ ምላስ እንደሚያደርገው። ልክም ነው። ከደሙ የበለጠ ጨዋማ ነገር ላይ ቢቀመጥ ኦስሞሲስ ይገለበጥና ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። ሊጠጣ ተቀምጦ የራሱ ውሃ ይመጠጥበታል ማለት ነው።

የጠጣውን የት ያኖረዋል?

ፊኛው ውስጥ። ለእኛ ፊኛ ሽንት ማቆያ ብቻ ነው። ለየብስ እንቁራሪት ግን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ቀጭኑ ሽንት እዚያ ይቆያል፣ ድርቅ ሲመጣ ያው ቫሶቶሲን የፊኛውን ግድግዳ በር ይከፍትና ውሃው ወደ ደም ይመለሳል።

በአውስትራሊያ ደረቅ ምድር ውሃ ያዥ እንቁራሪት የሚሏት አለች። ዝናብ ሲዘንብ ትጠጣለች፣ ፊኛዋን ትሞላለች፣ መሬት ቆፍራ ትገባለች። የምትይዘው ውሃ ከራሷ ክብደት ሲሶውን ሊያልፍ ይችላል። ከተቀበረች በኋላ የገዛ ቆዳዋን ሽፋን በሽፋን እየገፈፈች እላይዋ ላይ ትተወዋለች፤ ሲደርቅ እንደ ከረጢት ይሸፍናታል፣ ውሃዋም እንዳይተን ይይዝላታል። የአካባቢው ቀደምት ሕዝቦች ውሃ ሲያጡ እሷን ቆፍረው አውጥተው ፊኛዋን በመጭመቅ ይጠጡ ነበር።

ሌሎችም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። በደቡብ አሜሪካ ሰም የሚያመነጭ የዛፍ እንቁራሪት አለ፤ በአራቱም እግሮቹ ገላውን እያበሰ ሰሙን ይቀባዋል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደግሞ ሸርጣን በሊታው እንቁራሪት ጨዋማ የባህር ዳር ረግረግ ውስጥ ይኖራል። የሱ ዘዴ ከሁሉም ይገርመኛል። ዩሪያን፣ ማለትም ሌሎች በሽንት የሚያስወግዱትን ቆሻሻ፣ ደሙ ውስጥ ያጠራቅማል። ደሙ ከውጭው ውሃ ስለሚወፍር ጨዋማው ውሃ ሊያደርቀው አይችልም። ውሃን የሚጠራው ጨው ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ጨው ሲያንሰው በዩሪያ ሞላው።

ይሄ ሁሉ ከመጥፋታቸው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቀጥታ ያገናኘዋል። ቆዳ ላይ የሚያድግ ኪትሪድ የሚባል የፈንገስ ዓይነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ስም የወጣለት። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ቢያንስ 501 የአምፊቢያን ዝርያዎች በዚህ በሽታ ምክንያት እንደተመናመኑ፣ ከነሱም 90 ያህሉ ጨርሰው ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገምቷል። አንድ በሽታ ይሄን ያህል ዝርያ ሲጎዳ ሌላ ምሳሌ አይገኝም።

ለብዙ ጊዜ ግራ ያጋባው ነገር ነበር። የቆዳ በሽታ እንዴት ይገድላል? ፈንገሱ ልብ ውስጥ አይገባም፣ ሳንባም አይበላም። የላይኛውን ስስ የቆዳ ሽፋን ብቻ ነው የሚይዘው። መልሱ ሲገኝ ቅድም ያየነው ፓምፕ ሆኖ ተገኘ። በታመሙ እንቁራሪቶች ላይ ሲለካ ቆዳው ሶዲየም የማስገባት አቅሙ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ደማቸው ውስጥ ሶዲየምና ፖታሲየም እየቀነሰ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ልባቸው ይቆማል። የጨው ንጥረ ነገሮችን በአፍ የተሰጣቸው የታመሙ እንቁራሪቶች ካልተሰጣቸው የበለጠ ቆይተዋል፣ ምክንያቱ በትክክል ያ መሆኑንም ያመለከተው ይሄ ነው። በእኛ ላይ እከክ የሚሆነው ለእነሱ የልብ ሞት ነው።

ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካሎችም መግቢያቸው እዚያው ነው። ውሃ በደንብ እንዲያሳልፍ የሳሳ ቆዳ ሌላውን መርዝ ሁሉ ለይቶ አያስቀርም። በሚረጭበት መሬት ላይ የተቀመጠ ጉርጥ አፈሩን አይበላም፤ ግን ሆዱን ለጥፎ ከርጥበቱ ጋር አብሮ ይቀበለዋል።

በእጄ ባነሳትስ?

ባታነሷት ይሻላል። ግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ መንገድ መሀል ቆማ መኪና እንዳይገጫት ከሆነ፣ መጀመሪያ እጃችሁን በንጹህ ውሃ አርጥቡ። ሳሙና፣ ቅባት፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ወይም የትንኝ መከላከያ የተቀባ እጅ አይሁን። ደረቅ እጅ ቆዳዋን የሚያረጥበውን ዝልግልግ ፈሳሽ ይጠርገዋል፤ ያ ፈሳሽ በቆዳዋ እንድትተነፍስም ያስፈልጋታል። እጃችን ላይ ያለው ላብ ጨው ነው። ቶሎ ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግራችሁ፣ እርጥብ ቦታ ላይ አስቀምጧት። ከዚያ ራቅ በሉና እዩ፤ ከተረጋጋችና ከጠማት የኋላ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ሆዷን መሬቱ ላይ ስትለጥፍ ታዩ ይሆናል።